ይግባኝ የሌለው እንጀራ

በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአዲስ አበባ አስተዳደር ልመናን የሚከለክል ረቂቅ ሕግ እየተዘጋጀ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ ብዙ ሰው የገረመው ለማኙ መከልከሉ አልነበረም። ለማኝ ሲታፈስ በየዘመኑ ታይቷል። የገረመው ቅጣቱ ለመጽዋቹም መትረፉ ነው፤ መንገድ ላይ እጁን ለዘረጋ ሰው ሳንቲም የሚሰጥ ሁሉ በገንዘብ ይቀጣል ተባለ። እስቲ ይህን ሕግ ይዞ በ23 ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስ ደጅ የሚቆም ደንብ አስከባሪ ይታሰብ። ከቅዳሴ የወጣውን ነጠላ ለባሽ ሁሉ እየተከተለ ደረሰኝ ሊቆርጥለት ነው። ቀኑ ሳይመሽ ደብተሩ ያልቅበታል።

ዛሬም በ23 በዚያ ደጅ ሲመጸወት ይውላል። ረቂቁ ግን ከተማውና ምእመኑ ስለ ድሃ ያላቸው አሳብ ምን ያህል እንደተራራቀ ቁልጭ አድርጎ አሳይቶ ነበር። ለአስተዳደሩ ልመና ከጎዳና መነሣት ያለበት ነገር ነው። ለምእመኑ ደግሞ የኔ ቢጤው ከደጁ ቢታጣ የሚጎድለው ለራሱ ነው፤ ስለቱን ለማን ሊያደርስ፣ የአባቱን ነፍስ ይማር በማን አፍ ሊያሰኝ?

የደጀ ሰላሙ ምጽዋት ሥርዓት የሌለው ቢመስልም የራሱ ሥርዓት አለው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም እየተባለ ወሩን ሙሉ ይዞራል። ከአራዳ ሳይወጡ እንኳ በ3 በዓታ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ23 ጊዮርጊስ አለ። የኔ ቢጤው ይህን ዙር ከዲያቆኑ ባልተናነሰ ያውቀዋል። በሩ አጠገብ ብር ተቀብለው ሳንቲም የሚዘረዝሩ ሰዎች አሉ፤ አንድ የመቶ ብር ኖት ይዞ የመጣ ሰው ረድፉን ሁሉ የሚያዳርሰው በእነሱ ነው። የሰንበቴ ቀን ዳቦና ንፍሮ ይወጣል። ተዝካር ያለበት ቤት ለድሃ ብሎ የመደበው አለ። አርብ አርብ ደግሞ እዚያው ፒያሳ በኒ ሰፈር ኑር መስጊድ በር ላይ ተመሳሳይ ረድፍ ይያዛል፤ ከረድፉ ውስጥ ሁለቱንም ደጅ የሚያውቅ አይጠፋም። መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። «ጉልበት እያለህ?» ብሎ የሚያጉረመርምም ቢኖር፣ ሰጥቶ ነው የሚያጉረመርመው።

ደካማ ጎኑም ከዚሁ ይመነጫል። በደጅ የተቀመጠ ችግር ይታያል፣ ይረዳል። አልጋ ላይ የዋለችው አሮጊት፣ ጡረታው ከወሩ አጋማሽ የማያልፈው የቀድሞ ዘበኛ፣ ልመና ወጥታ ልጆቿን ማሳፈር የማትፈልገው እናት ግን በዚህ ዙር ውስጥ የሉም። እንደሚመስለኝ አራዳ ውስጥ ይህ የተደበቀው ድህነት ከሚታየው ይበዛል።

እሱን ለአርባ ምናምን ዓመት የተሸከመው ሌላ ነው፤ የቀበሌ ቤት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገበት አዋጅ ቁጥር 47 ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከተወረሱት ወገን ነው። ተገቢ ነው፤ ለእርጅናዬ ብሎ ሁለት ክፍል ያሠራውም ከመኳንንቱ እኩል ተነጥቋል። ከተከራዩ ወገን ሲታይ ግን አዋጁ በከተማዋ ታሪክ ትልቁ የድሃ መደጎሚያ ነበር። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ ተቀነሰ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ተላለፉ። አራዳ ከዓድዋ ድል በኋላ በጊዮርጊስ ዙሪያ የደመቀ፣ ጣሊያን ወደ መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ የከተማዋን ትልቁን ገበያ የያዘ ሰፈር ስለነበር፣ የነጋዴው ቤትና የመኳንንቱ ግቢ እየተሸነሸነ ለብዙ አባወራ ተዳረሰ። ኪራዩም ለአሥርት ዓመታት ካለበት አልተነቃነቀም። ኋላ ላይ አንድ ኪሎ ቡና በማይገዛ ገንዘብ ፒያሳ መሀል ወር የሚያኖር ክፍል ማለት ሆነ።

ቤቱ ቤት ነበር ወይ ቢባል፣ ብዙው አልነበረም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ጭቃው ይረግፋል፣ መጸዳጃው የስንት ጎረቤት የጋራ ነው። ቀበሌው አያድስም፤ ተከራዩ ላድስ ሲል ፈቃድ ይጠየቃል። ይህን ሁሉ ይዞም ከምጽዋት የሚለየው ነገር ነበረው። ውል አለው፤ ስም የተጻፈበት፣ ደረሰኝ የሚቆረጥበት። ተከራዩ በየወሩ የሚከፍለው ትንሽ ቢሆንም የሚከፍለው እሱ ነው። ስለ ቤቱ ብሎ ማንንም አያመሰግንም፤ አስወጡኝ ካለም ውሉን ይዞ የሚሄድበት መሥሪያ ቤት አለ። ኢሕአዴግ መጣ፣ ብልጽግና መጣ፣ ውሉ አልተቀደደም።

ያው 1967 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያንንም ጓዳ አራቁቷል። በየካቲት የገጠር መሬቷ፣ በሐምሌ የከተማ ቦታዋና የሚከራይ ቤቷ ሄደ። አጥቢያዎቹ በሙዳየ ምጽዋትና በምእመናን መዋጮ መኖር ጀመሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ መንግሥት የቤተ ክርስቲያንን ሀብት ወሰደ፣ የድሃውንም ጣሪያ በራሱ ስም አደረገ። ይህን የሚያህል የኃላፊነት ሽግግር ሲካሄድ ማንም የበጎ አድራጎት ጉዳይ ብሎ አልተወያየበትም፤ የመደብ ትግል ነበር ስሙ።

የመንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ፉክክር ራሱ ግን ከደርግ በእጅጉ ይቀድማል። ቅዱስ መርቆሬዎስ በፈረስ ሆኖ በጦር ሲወጋው በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የምናውቀው ከሀዲው ዑልያኖስ፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጣዖቱን አምልኮ ሊመልስ ሲነሣ አንድ ነገር ከነከነው። ለገላትያ የጣዖት ሊቀ ካህናት በላከው ደብዳቤ፣ ክርስቲያኖቹ የራሳቸውን ድሆች አልፈው የእኛንም እየመገቡ ነው ብሎ ተቆጨ። በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ ይሠራ፣ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ስንዴና ወይን ይመደብ፣ አንድ አምስተኛው ለካህናቱ ረዳቶች፣ የቀረው ለመንገደኛና ለለማኝ ይሁን ብሎም አዘዘ። ንጉሡ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ከእሱ በኋላ፣ በቅዳሴው የምናውቀው ባስልዮስ በቂሳርያ ዳር የድሆችና የሕሙማን መንደር ሠራ። ዑልያኖስን ያሳሰበው ረኃቡ አልነበረም፤ ምስጋናው ወደ ማን ደጅ እንደሚሄድ ነው። ይህ በሽታ ከእሱ ጋር አልተቀበረም።

በእኛ ዘመን ደግሞ ስጋቱ በተቃራኒው ይነገራል፤ መንግሥት ሲገባ ቤተ ክርስቲያን ትወጣለች ይባላል። መነሻው ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሰፊ የእርዳታ መርሐ ግብር ሲከፍት፣ የአብያተ ክርስቲያናት የበጎ አድራጎት ወጪ በ30 በመቶ ገደማ ማሽቆልቆሉን ግሩበርና ሀንገርማን የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። አራዳ ላይ ግን ይህ ስሌት አይሠራም ባይ ነኝ። የአሜሪካው ቤተ ክርስቲያን እርዳታ ከአጥቢያው በጀት የሚወጣ ነው፤ መንግሥት ሸክሙን ሲጋራለት በጀቱን ወደ ሌላ ያዞራል። የጊዮርጊስ ደጅ ምጽዋት ግን የአጥቢያው በጀት አይደለም። ሰጪው የሚሰጠው ልጁ ከሕመም ስለተነሣ ነው፣ የሞተበት ስላለ ነው፣ ስለት ስላለበት ነው። ወረዳው ለስንት አባወራ ደመወዝ ከፈለ የሚለው ቁጥር በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም።

መንግሥት የገባውም በመጠኑ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ገጠሩ በ1997 ዓ.ም. ካገኘው ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ መጣ። 300 ሚሊዮን ዶላር ከዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮን ከመንግሥት ተመድቦለት፣ በ11 ከተሞች 604 ሺሕ ሰው ሊያቅፍ ታቀደ፤ አብዛኛው ድርሻ የአዲስ አበባ ነበር። ከተጠቃሚዎቹ 84 በመቶው በአካባቢ ልማት እየሠሩ የሚከፈላቸው፣ 16 በመቶው መሥራት የማይችሉ በመሆናቸው በቀጥታ የሚደጎሙ ናቸው። ጠዋት በየሰፈሩ መንገድ ሲጠርጉ፣ ቦይ ሲከፍቱ፣ ችግኝ ሲያጠጡ የምናያቸው እናቶች ከዚህ የመጡ ናቸው። ከሚያገኙት አንድ አምስተኛውን ይቆጥባሉ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ራሳቸውን ችለው ይወጣሉ፣ ይመረቃሉ ተብሎ ይታሰባል።

ስለዚህ ፕሮግራም መጥፎ ወሬ መስማት ይቀላል፤ እኔ ግን ከሚወራው የተሻለ ነው እላለሁ። በአዲስ አበባ በመጀመሪያው ዙር የሚገቡት ወረዳዎች የተለዩት በዕጣ ስለነበር ተመራማሪዎች የገባውን ካልገባው ጋር ማወዳደር ችለዋል። ፕሮግራሙ በገባበት አካባቢ ያሉ ሰዎች በግል ሥራ የሚያገኙት ክፍያም ከፍ ብሏል፤ ጉልበቱ በከፊል ወደ አካባቢ ልማት ስለሄደ ቀጣሪው ጨምሮ መክፈል ነበረበት። አንድ ሳንቲም ያልተሰጠው የቀን ሠራተኛ ሳይቀር ተጠቀመ ማለት ነው። ምጽዋት ይህን ማድረግ አይችልም። ከዚያም በላይ ፕሮግራሙ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለው። ስሙ ከዝርዝሩ የወጣ ሰው፣ ኮሚቴው የሰፈሩ ሹማምንት ዘመድ ቢሆን እንኳ፣ በወረቀት ደረጃ «ለምን?» የማለት መብት አለው።

ዝርዝር ካለ ግን ከዝርዝር ውጭ የሚቀር አለ። ነዋሪነት በመታወቂያ ይረጋገጣል፤ መታወቂያ የሚሰጠው ደግሞ ቤት ላለው ነው። በጊዮርጊስ አጥር ሥር የሚያድረው ከየትኛው ወረዳ ነው? ፕሮግራሙ ይህን አይቶ ለጎዳና ተዳዳሪዎች የተለየ ክፍል ከፍቶ ነበር፤ ሥራውን ለመሥራት የዞረው ግን ወደ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ነው።

የመንግሥት ድጋፍና የምጽዋት ድንበር የሚደበላለቀው እዚህ ላይ ነው። መቄዶንያን እንውሰድ። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን በመሰብሰብ የጀመረው ማዕከል ዛሬ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ይዟል። የቤተ ክርስቲያን ድርጅት አይደለም፤ የሚተዳደርበት መንፈስ ግን ከደጀ ሰላሙ የመጣ ነው፤ በአጭር መልእክት የሚላከው ገንዘብ በስልክ የመጣ የ23 ምጽዋት ነው። የሚሠራው ሥራ ግን የመንግሥት ነው። ማጠብ፣ ማከም፣ ማልበስ፣ መቅበር። በስድስት ኪሎ የማዘር ተሬዛ እኅቶች በአፄ ኃይለ ሥላሴ የመጨረሻ ዘመን መጥተው እስከ ዛሬ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። አበበች ጎበናም፣ ለግሸን ማርያም ንግሥ ሄደው በረኃብ የወደቁ ሕፃናትን ይዘው ከተመለሱ በኋላ፣ እስከ 2013 ዓ.ም. ዕረፍታቸው ድረስ የሠሩት ይህንኑ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን ለመርዳት ሀብት ይመድባል ይላል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ውስጥ የገባውን ክፍተት የሞሉት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

መሙላታቸው እንጂ መናገራቸው አልተፈለገም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ለሕፃን ወተት መስጠት ይቻላል፤ ሕፃኑ ወተት የማግኘት መብት አለው ብሎ መሟገት ግን አይቻልም። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል፤ አሥሩ ዓመት ግን ድርጅቶቹን አመል አስይዟል። ዛሬም ብዙዎቹ ስለ ወተቱ ይናገራሉ፣ ስለ መብቱ ዝም ይላሉ።

ቤተ ክርስቲያንም ለራሷ ድርሻ ብዙ ዝም ብላለች። በደርግ ያጣችውን ኪራይ በሌላ መንገድ መልሳለች፤ የከተማችን አድባራት አጥር ዛሬ የሱቅ ረድፍ ነው፣ አንዳንዱም ፎቅ አቁሟል። ከዚህ ኪራይ ለድሃ የሚሄደው ስንት ነው? ለምእመኑ በግልጽ የሚቀርብ ሒሳብ ብርቅ ነው። ምእመኑ ምጽዋቱን ከሙዳየ ምጽዋቱ ይልቅ በቀጥታ በየኔ ቢጤው እጅ የሚያስቀምጠው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

መንግሥት በበኩሉ ወደ ደጀ ሰላሙ ሄዷል። ባለፉት ዓመታት በሰፊው የታወቁት የድሃ ድጋፎች ምን ምን ናቸው? በበዓል ዋዜማ ማዕድ ማጋራት፤ በክረምት የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚያበሉት የተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላት፤ ሚድሮክ የሠራው የሸገር ዳቦ ፋብሪካ። ሁሉም የተራበ ያበላሉ፤ ይህን አቃልሎ ማየት ጠግቦ ያደረ ሰው ሥራ ነው። የትምህርት ቤት ምገባውም ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ የመንግሥት ቅድመ አንደኛና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ የሆነ ሁሉ ይበላል፣ ማንም አይመርጠውም፣ ማንም ካሜራ ፊት አያቆመውም። የቀሩት ግን በቅርጻቸው ምጽዋት ናቸው። ባለሀብት ይጠራል፣ ይለግሳል። ባለሥልጣን ዘይትና ዱቄቱን ያስረክባል። እናት ጉልበቷን ይዛ ትነሣለች፣ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ትመርቃለች፣ ማታ በዜና ይታያል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋት በስውር እንዲሆን የታዘዘው መጽዋቹ ከንቱ ውዳሴ እንዳይወድቅበት ነው። መንግሥት በስውር መስጠት አይችልም፤ አይገባውምም፣ በጀት ነውና ለሕዝብ መታወቅ አለበት። መታወቅ ያለበት ግን ስንት ወጣ፣ ለማን፣ በምን መስፈርት የሚለው ነው እንጂ የተቀባዩ ፊት አይደለም። ለፋሲካ ዱቄት ያልደረሳት ጎረቤት «ለእሷ ደርሶ ለእኔ ለምን ቀረ?» ብላ የምትጠይቅበት መስኮት የት ነው? የለም። ስጦታ ይግባኝ አይባልበትም። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ብትሰጥ የሚወቅሳት የለም፤ ግብር አላስከፈለችንም። ወረዳው እንዲህ ሲሰጥ ግን ዕዳውን በችሮታ መልክ እየከፈለ ነው።

በ2016 ዓ.ም. አራዳ ላይ የሆነው ነገር ይህን ልዩነት በሰው ሕይወት አሳየ። በየካቲት መጀመሪያ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ ተከትሎ የኮሪደር ልማቱ ሥራ በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል ያሉትን አሮጌ ሰፈሮች አነሣ። ዶሮ ማነቂያ የተባለው የፒያሳ ሰፈር ፈረሰ። ስለ ቅርስ፣ ስለ ውበት፣ ስለ ሰፊው የእግረኛ መንገድ ብዙ ተብሏል፤ እዚህ አልደግመውም። ከድሃው ወገን ስናይ የፈረሰው አንድ ሙሉ የመደጋገፊያ ሥርዓት ነው። የቀበሌ ቤት ውል የነበራቸው ሰዎች ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት ምትክ ቀረበላቸው። ርቀቱ፣ ጥድፊያው፣ የኮንዶሚኒየሙ ክፍያ ብዙ አነጋግሯል፤ ግን ምትክ ነበር። ምትክ የተገኘው ከማንም ርኅራኄ ሳይሆን ከ1967ቱ ውል ነው። በአንጻሩ በዚያው ግቢ ውስጥ በደባልነት የኖረው፣ ከተከራዩ ላይ ጓዳ የተከራየው፣ ማድቤት ውስጥ አልጋ ዘርግታ የኖረች ቆሎ ቸርቻሪ ስማቸው በወረቀት አልነበረም። ከእነሱ የሚበልጥ ድሃ በዚያ ግቢ አልነበረም። ለእነሱ የቀረላቸው የሰው ቸርነት ነው።

ቸርነቱ ደግሞ አድራሻ ነበረው። እድሩ ሰፈር ላይ ነው የቆመው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ማን እንደታመመ የሚያውቀው ጡሩምባ ነፊ ሁሉ በእግር በሚደረስበት ክልል ነው። አባላቱ በከተማዋ አራት ማዕዘን ሲበተኑ፣ ወርኃዊ መዋጮው በባንክ ሊላክ ይችላል፤ የአልጋ ቁራኛዋን ጎረቤት ቡና አፍልቶ መጠየቅ ግን በባንክ አይላክም። ሰንበቴውም እንደዚሁ። ከከተማዋ ዳር ሁለት ታክሲ ይዞ አራዳ ጊዮርጊስ የሚመጣ አለ፤ አቅም ያለው ነው። የፒያሳን ቡና ቤትና ወርቅ ቤት ደጅ እያጠበች፣ ልብስ እያጠበች የምትኖረው ግን ከሥራዋም ከደጀ ሰላሟም በአንድ ቀን ራቀች።

አዲሱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ቤተ ክርስቲያን ይተከላል፣ እድርም ይቋቋማል፤ የአዲስ አበባ ሰው በዚህ አይታማም። ይህ ግን ዓመታት ይወስዳል፤ በመካከሉ ያለውን ጊዜ መሸፈን የመንግሥት ሥራ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ወደ 83 ከተሞች የሰፋው ሁለተኛው የሴፍቲኔት ምዕራፍ እንዲህ ላለው ጊዜ የተሠራ መሣሪያ መሆን ይችላል። ለዚህ ዝርዝሩ ከሰው ጋር መንቀሳቀስ አለበት። ከአራዳ ወረዳ ተነሥታ የከተማ ዳር ወረዳ የገባች ተጠቃሚ እንደ አዲስ አመልካች ወረፋ መያዝ የለባትም፤ የመክፈል አቅም የሌላቸው የሚታቀፉበት የጤና መድህንም አብሯት መሄድ አለበት። ደባሉና የጓዳ ተከራዩም አንድ ሰፈር ለልማት ሲታሰብ፣ ጎረቤትና እድር መስክሮላቸው፣ ምትክ እንደሚገባው ነዋሪ ሊመዘገቡ ይገባል። እድሩ ማን የት ጓዳ እንደሚያድር ከወረዳው አሳምሮ ያውቃል። አድባራቱም ለሰበካ ጉባኤያቸው ከሱቆቹ ኪራይ ለድሃ የወጣውን በቁጥር ቢያነቡ፣ ወረዳውን «የእናንተስ?» ብሎ ለመጠየቅ ፊት ያገኛሉ።

ዶዘሩ ከፒያሳ ወደ ካዛንቺስ ተሻግሯል፤ የቀበሌ ቤት የበዛባቸው ሌሎች አሮጌ ሰፈሮችም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ምዝገባው ከዚያ በፊት ካልተደረገ፣ በኋላ መዝጋቢ ቢመጣ የሚመሰክር ጎረቤት አያገኝም።